እንቢ ያለችው ካርድ

ሰው በተወለደበት አገር ሲኖር ችግሩን የሚያውቅለት ብዙ ነው። ጧት ከጎጆው ጣራ ጭስ ያልወጣ እንደሆነ ጎረቤት «ምነው፣ ዛሬ እሳት አልነደደም?» ብሎ ይጠይቃል፤ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጭ ያልወረደች ሴት ታማለች ተብሎ ደጇ ይንኳኳል፤ ከሰንበቴው የቀረ ሰውም ድርሻው ተጠቅልሎ እቤቱ ድረስ ይላክለታል። በባዕድ አገር ግን ይህ ሁሉ ምልክት የለም። ምድጃው ጭስ የለውም፤ ውሃው በቧንቧ ይመጣል፤ በሩም ቀንና ሌሊት ዝግ ነው። እንግዲያውስ በመካከላችን አንድ ሰው ቢራብ የሚታወቀው በምንድን ነው? ይህን ጥያቄ የጠየቅነው በራሳችን ላይ ከደረሰ ነገር የተነሣ ነው። ነገሩ የሚያስመሰግነን ሳይሆን የሚያሳፍረን ቢሆንም፣ ለሌላው ቤተ ሰብ ትምህርት ይሆን ዘንድ ሳንሸሽግ ልንጽፈው ወደድን።

እኛ የፍኖተ ሰላም ተወላጆች ነን። ከአገራችን ከወጣን አያሌ ዓመታት አልፈዋል፤ የምንኖረውም በአሜሪካ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚገኙባት በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዚያ ከምናውቃቸው ወገኖቻችን አንዲቱ በቡሬ ዙሪያ ገጠር ተወልደው ያደጉ አሮጊት ናቸው። ስማቸውን መጥቀስ ስለማይገባን ሁልጊዜ እንደምንጠራቸው «እማማ» እንበላቸው። ወደ አሜሪካ ያስመጣቸው ልጃቸው ለሥራ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ስለ ሄደ፣ እርሳቸው ቤተ ክርስቲያኔን ትቼ አልሄድም ብለው ለአረጋውያን በተሠራ ሕንፃ ውስጥ በአንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። የአገሩን ዜግነት ካገኙ ቆይተዋል፤ የአገሩን ቋንቋ ግን አያውቁም፤ ፊደልም አልቆጠሩም።

እማማ ስለ ቡሬ ሲያወሩ ሰው አይጠግባቸውም። በርበሬው ቀልቶ በግቢው ሲሰጣ መሬቱ ቀይ ምንጣፍ የተነጠፈበት እንደሚመስል፣ አህዮቹ ጤፍና በቆሎ ተጭነው ወደ ቅዳሜ ገበያ ሲወርዱ የሚያስነሡትን አቧራ፣ የአባታቸው ጎተራ የቀድሞው እህል ሳያልቅ አዲሱ እንዴት ይጨመርበት እንደነበረ ይተርካሉ። በ1966 ዓ. ም. ድርቅ ዘመን ከወሎ በኩል ተሰደው የመጡ ሰዎች ደጃቸው ላይ ሲቆሙ፣ እናታቸው ንፍሮ ቀቅለው በሰፌድ ያወጡ እንደነበረ ዛሬም እንደ ትናንት ያስታውሱታል። ታሪኩንም ሁልጊዜ የሚደመድሙት «እኛ ሰጪዎች ነበርን» በማለት ነው። ይህችን ቃላቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

የነቢያት ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ጸበል ጸዲቅ ሲታደል እማማ አንዲት ቁራሽ ዳቦ ብቻ ቀምሰው የቀረውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። «እማማ፤ ምነው በደንብ አይመገቡም?» ብንላቸው «ጾም አይደለም እንዴ፣ ልጆቼ» አሉን። ፊታቸው ጠቁሯል፤ ጉንጫቸውም ወደ ውስጥ ገብቷል። እኛ ግን «እንዴት ያለች ጾመኛ እናት ናት!» ብለን ተደነቅን እንጂ ሌላ ነገር አላሰብንም። የቋጠሩትንም ዳቦ ለበረከት ነው ብለን ተረጐምነው።

ማክሰኞ ማታ በመንገዳችን ላይ ስለሆነ ጎራ ብንል ቤታቸው ሽንኩርት እንኳ አይሸትም። እማማ ቡና እናፍላ ብለው ሲነሡ ቀድመን ወደ ወጥ ቤቱ ገባን። በመደርደሪያው ላይ የነበረው ከአገር የተላከላቸው በርበሬ፣ ጥቂት ጨውና ከአንድ ብርጭቆ የማይበልጥ ሽሮ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የቋጠሩት ዳቦ ትዝ አለንና ድንጋጤ ያዘን። አጥብቀን ብንጠይቃቸው ራሳቸውን አቀርቅረው «ካርዷ እንቢ አለችኝ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በአሜሪካ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት ለምግብ መግዣ የሚሆን ገንዘብ በየወሩ በአንዲት ካርድ ላይ ይሞላለታል። እማማ እንደ ልማዳቸው ምስር፣ ሩዝ፣ ዘይትና ሽንኩርት መርጠው ካርዷን ወደ መሣሪያው ቢያስገቡ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አንድ ቃል ተናገረች። ደግመው ቢሞክሩ ያንኑ ቃል ደገመችው። ከኋላቸው የተሰለፉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። እማማም ዕቃውን እዚያው ትተው ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ መደብሩ አልተመለሱም። ይህ የሆነው ጾሙ ሳይገባ ሁለት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። «ልጆቼ፤ ዲክላይንድ ማለት ምን ማለት ነው? ሌባ ማለት ነው?» ብለው ሲጠይቁን የምንመልሰው ጠፍቶን ዝም አልን። ቀጥለውም «ጾሙ ደርሶ ሸሸገኝ እንጂ፣ ለሰው ምን እል ነበር?» አሉ።

እኛ ጾም ነው ያልነው ረኃብ ኖሯል።

ያን ምሽት ከቤታችን ያለውን ምግብ አምጥተን አብረን ከተመገብን በኋላ የካርዷን ነገር መመርመር ጀመርን። ካርድ እንቢ የምትልበት ምክንያት ብዙ ስለሆነ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሰው ያልታመመውን ሲያክም ይኖራል።

በመጀመሪያ የተጠራጠርነው አራት አኃዝ ያላትን የምሥጢር ቁጥር ነው። ቁጥሯን ደጋግሞ የሳተ ሰው ካርዱ ለጊዜው ይቆለፍበታል። «ቁጥሯን ያስታውሷታልን?» ብንላቸው እማማ ፈገግ አሉ። ፊደል ባይቆጥሩም ከወሩ በዓላት ሁለቱን አጣምረው ቁጥር ስላደረጉ ከቶ አይረሷትም፤ የትኞቹ በዓላት እንደሆኑ ግን እኛም አልጠየቅንም፣ እርሳቸውም አልነገሩንም፤ ደግ አደረጉ። በካርዷ ጀርባ ባለው ነፃ ስልክ ደውለን ብንጠይቅ በውስጧ የቀረው ገንዘብ ከአራት ዶላር በታች መሆኑ ተነገረን። ስለዚህ ካርዷ አልተቆለፈችም፤ አልተበላሸችምም።

ሁለተኛ የተጠራጠርነው ቀኑን ነው። በሜሪላንድ ገንዘቡ ለሁሉም ሰው በአንድ ቀን አይገባም፤ ወሩ በገባ ከ4ኛው እስከ 23ኛው ቀን ድረስ በቤተ ሰብ ስም ፊደል ተራ ይከፋፈላል። የቤተ ሰብ ስም የሌለን እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በአንዱ ወረቀት የአባት፣ በሌላው የአያት ስም ተጽፎልን ይገኛል፤ ስለዚህ ቀኑን የሚስት ብዙ ነው። የእማማ ቀን ግን ካለፈ ቆይቷል።

ሦስተኛ የተጠራጠርነው ሌባን ነው። እነዚህ ካርዶች በብዙው ስፍራ የሚሠሩት በጀርባቸው ባለው ጥቁር መግነጢሳዊ መስመር ብቻ ስለሆነ፣ ሌቦች በመደብሩ መሣሪያ ላይ ሌላ መሣሪያ ደርበው ይገለብጧቸዋል። ካሊፎርኒያ እ. ኤ. አ. በ2025 ቺፕ ያለባቸውን ካርዶች መስጠት ጀምራለች። እስከ ታኅሣሥ 20 ቀን 2024 ድረስ የተሰረቀ ገንዘብ በፌዴራሉ መንግሥት ወጪ ይተካ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ያ ሕግ ጊዜው አልፏል። እንግዲህ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደ ተባለው፣ ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት የምሥጢር ቁጥሩን አዘውትሮ መለወጥ፣ በስልክ ወይም በመልእክት ቁጥር ለሚጠይቅም ሰው አለመናገር ይገባል። እማማ የየጊዜውን ደረሰኝ በሙዳይ አጠራቅመው አኑረውት ነበርና አንድ በአንድ አየነው። በየደረሰኙ ግርጌ የቀረው ገንዘብ ተጽፏል፤ የጎደለም የለም። ማንም አልሰረቃቸውም፤ ገንዘቡ ራሱ ነው ያልመጣው።

በመጨረሻ «እማማ፤ ከመሥሪያ ቤቱ የመጣልዎ ደብዳቤ አልነበረም?» ብለን ጠየቅናቸው። እማማ ትንሽ ዝም አሉና «መጥቶ ነበር። በመስቀል ሰሞን ለእናንተ ሰጠኋችሁ እኮ፣ ልጆቼ» አሉ።

ወደ መኪናችን ወርደን መሳቢያውን ብንከፍት ፖስታው እንደ ታሸገ ተቀምጧል። ያን እሑድ ተቀብለን «እናየዋለን» ብለን አስቀመጥነው፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላሰብነውም። በዚህ እርዳታ የተያዘ ሰው በየተወሰነው ዘመን ኑሮውንና ገቢውን እንደገና አስታውቆ ማሳደስ አለበት፤ ለአረጋውያን ዘመኑ ረዘም ይላል፤ ረዘም በማለቱም ሰው ይረሳዋል። ደብዳቤው ዘመኑ በፈረንጆቹ ጥቅምት መጨረሻ እንደሚፈጸም የሚያስታውቅ ነበር። ካርዷ እንቢ ያለችው እኛ ፖስታውን ባለመክፈታችን ነው።

እማማ አልተቈጡንም፤ ቢቈጡን በተሻለን ነበር። «እናንተም ሥራ ይበዛባችኋል» ብለው ለእኛ ምክንያት ይፈልጉልን ጀመር።

በማግሥቱ ከሥራ ቀርተን ወደ መሥሪያ ቤቱ ደወልን። የስልኩ ተራ ረጅም ነበር፤ ነገር ግን አንድ ነገር ተማርን። ሰው «አምሃሪክ» ብሎ ቢናገር አስተርጓሚ በነፃ ይቀርብለታል። ይህም ችሮታ ሳይሆን፣ ከፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳያገልል ከሚከለክለው፣ እ. ኤ. አ. በ1964 ከወጣው የሲቪል መብት ሕግ የመነጨ ግዴታ ነው። እማማ በራሳቸው አንደበት ተናገሩ፤ የተጠየቁትንም መለሱ። ዘመኑ ካለፈ በ30 ቀን ውስጥ የጎደለውን ያሟላ ሰው ነገሩን ከሥር እንዲጀምር አይገደድም፤ እኛ የደወልነው 30ው ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነበር። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ገንዘቡ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ተሰልቶ ገባላቸው። ያለፉት ሳምንታት ግን አልተመለሱም፤ እንዴትስ ይመለሳሉ?

ከዚህ በኋላ የቀረው የሚከብደው ሥራ ነበር፤ ይኸውም እማማን ወደ መደብሩ መመለስ ነው። «አልሄድም። እኛ ሰጪዎች ነበርን፤ በስተርጅና ለምጽዋት ስሰለፍ ሰው ሁሉ አየኝ» አሉ። ስለዚህ የዚህችን ካርድ ታሪክ ያገኘነውን ያህል አጫወትናቸው።

ይህ እርዳታ በአሜሪካ የተጀመረው እ. ኤ. አ. በግንቦት 1939 በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በሮቸስተር ከተማ ነው። በዚያ ዘመን ገበሬው ምርቱን የሚገዛው አጥቶ በአንድ ወገን እህል ሲተርፍ፣ በሌላው ወገን ከተሜው ሥራ አጥቶ ይራብ ነበር። ስለዚህ ለችግረኛው ብርቱካንማና ሰማያዊ ቀለም ያላቸው ቴምብሮች ታደሉ፤ በሰማያዊዎቹ የሚገዛው ተርፎ የተቀመጠውን ምርት ነው። በ1964 ቋሚ ሕግ ወጣለት። ቴምብሩን በሰው ፊት መቁጠር ያሳፍር ነበር፤ ኋላ ካርድ ሲመጣ መላውን ክፍለ ግዛት በካርድ እንዲሠራ በማድረግ በ1993 ቀዳሚ የሆነችው እማማ የሚኖሩባት ሜሪላንድ ናት። እማማ ይህን ሁሉ በጥሞና ከሰሙ በኋላ «እንግዲያው የገበሬውም ጥቅም አለበት በሉኛ» አሉ። የገበሬ ልጅ ናቸውና ነገሩ የገባቸው በዚያ በኩል ነው።

ወደ መደብሩ አብረን ሄድን። በካርዷ የማይገዛውንም ለይተን አሳየናቸው። እንጀራ፣ የጤፍ ዱቄት፣ ምስር፣ ጥሬ ቡና፣ ዘይት ይገዛባታል። በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ለአረጋውያንና ለመሰሎቻቸው ከተፈቀዱ ምግብ ቤቶች በቀር ትኩስ የተሠራ ወጥ አይገዛባትም። ሳሙና፣ መድኃኒት፣ ጧፍና ዕጣንም ምግብ ስላልሆኑ ለብቻ በጥሬ ገንዘብ ይከፈልባቸዋል። እማማ ከአበሻ ሱቅ ጧፍና ዕጣን ከሽሮው ጋር ደባልቀው ሲገዙ ከዚህ ቀደም ካርዷ ሁለት ጊዜ ተመልሳባቸው ኖሯል፤ ያን ጊዜ «ለእግዚአብሔር ቤት የሚሆነውንም እንቢ አለች» ብለው አዝነውባት ነበር።

በዚያው መደብር አንድ ያላወቅነውን እኛም አወቅን። በካርዷ የምግብ ዘርና ችግኝ መግዛት ይፈቀዳል። እማማ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ።

ይህ ጉዳይ የአሜሪካ ብቻ ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ዳሩ ግን በአገራችንም ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው ፕሮግራም ከ1997 ዓ. ም. ጀምሮ ምግብ በሚያጥርባቸው ወረዳዎች ይሠራል፤ ኋላም በ11 ከተሞች ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ሰፍቷል። ጉልበት ያለው በልማት ሥራ ተሰማርቶ፣ አረጋዊና አካል ጉዳተኛ ግን ያለ ሥራ በቀጥታ ይረዳበታል። የእኛ ምዕራብ ጎጃም ትርፍ አምራች እየተባለ ስለሚጠራ ብዙዎቻችን ነገሩን በወሬ እንጂ በዓይን አላየነውም፤ «የተረጂ ካርድ» ሲባልም የሌላ አገር ነገር ይመስለናል። ሆኖም ትርፍ በሚመረትበት አገርም ጧሪ የሌላት አሮጊት አለች። ደግሞም በሰኔ 2015 ዓ. ም. የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ልማት ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ እህሉ ለታሰበለት ሰው ሳይደርስ ወደ ሌላ እጅ ዞሯል በማለት በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታቸውን ለወራት አቁመው ነበር። ያጠፋው ሌላ፣ የተራበው ሌላ። የእማማም ነገር እንዲሁ ነው፤ የዘነጋነው እኛ፣ የተራቡት እርሳቸው።

ስለዚህ በአገር ቤት ያላችሁ፣ እናት ወይም አባት በውጭ አገር የሚኖሩላችሁ ወገኖቻችን ሆይ፤ በስልክ ስትደውሉ «ደህና ናችሁ?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ለወላጆቻችን ሰላምታ እንጂ ወሬ አይደለም። ዛሬ ምን በሉ? ምን ሠርተዋል? ከማን ጋር ተመገቡ? ብላችሁ ጠይቁ። በውጭ ያላችሁም እንደ እኛ የሰው ደብዳቤ ስትቀበሉ በሰጪው ፊት ክፈቱት፤ የማታውቁት ቢሆን የሚያውቅ ፈልጉ፤ ቀኑን በግድግዳው ላይ በተሰቀለው መቁጠሪያ ጻፉት። እኛ አሁን በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእማማ ጋር ተቀምጠን የመጣውን ፖስታ ሁሉ እንከፍታለን። ይህን አይተው ሌሎች ሦስት አሮጊቶችም ፖስታቸውን በቦርሳቸው ይዘው ይመጡ ጀመር።

ከሁሉ በላይ ግን የእማማን ቃል እናስባለን። መስጠት የለመደ ሰው መቀበል ይከብደዋል። ቡሬ ላይ እናታቸው በሰፌድ ንፍሮ ሲያወጡ ከዚያ ወገን እጁን የዘረጋው ሰውም በአገሩ ጎተራ የነበረው ሰጪ ሳይሆን አይቀርም። ይህን ብንነግራቸው እማማ ብዙ አሰቡና «እውነት ነው፤ እኔ እኮ ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም ነበር» አሉን።

የትንሣኤ በዓል ሰሞን ወደ ቤታቸው ስንሄድ በመስኮታቸው ሥር አራት የሸክላ ማሰሮዎች ተደርድረው አገኘን። በካርዷ የገዙት የበርበሬ ዘር በቅሏል። እማማ ውሃ እያጠጡ «የቡሬውን አያህልም፤ መሬቱ ሌላ ነው። ግን ሲደርስ ለእናንተም እሰጣችኋለሁ» አሉን። እኛም እንቀበላለን ብለን እጅ ነሣን።